ልጅሽ ገና ሚዛን ላይ አልወጣም

ደብረ ብርሃን

ለውድ የልጅነት ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? የእናትሽን ለቅሶ ሳልደርስ ቀርቼ፣ በኋላም በምን ፊቴ እደውላለሁ እያልኩ ስፈራ፣ ይኸው ሦስት ዓመት አለፈ። ይቅርታሽን በአካል መጥቼ እጠይቃለሁ። ዛሬ እንድጽፍልሽ ያስገደደኝ ግን ከመሐል ሜዳ የመጣችው የአክስትሽ ልጅ የነገረችኝ ነገር ነው፤ ዘጠነኛ ወርሽን ይዘሻል፣ በአልትራሳውንድም «ልጁ 4 ኪሎ ከ200 ነው» ከተባልሽ ወዲህ እንቅልፍ አጥተሻል አሉ።

ይህ ፍርሃት እኔንም ያውቀኛል። የመጀመሪያ ልጄን ስጠብቅ 4 ኪሎ ከ100 ተብዬ፣ ምጡ እስኪመጣ ሦስት ሌሊት ሙሉ እንዴት ሊወጣ ነው እያልኩ ሳለቅስ አደርኩ። ሲወለድ አዋላጇ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ሚዛኑ ላይ አስተኛችውና ጎንበስ ብላ ቁጥሩን አነበበችልኝ፤ 3 ኪሎ ከ600። የለካኝ ባለሙያ በመሳሳቱ አልቀየምኩትም። ያስቀየመኝ ቁጥሩ ግምት መሆኑን አለመንገሩ ነው፤ እንደምታውቂው አዋላጅነትን የተማርኩትም ከዚያ በኋላ ነው።

የአልትራሳውንድ መሣሪያው ልጅ አይመዝንም። ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ማህፀን ልኮ፣ ተመልሶ ከሚመጣው ሥዕል ይሠራል፤ ባለሙያውም በሥዕሉ ላይ የጭንቅላቱን ስፋትና ዙሪያ፣ የሆዱን ዙሪያና የጭኑን አጥንት ርዝመት ለክቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሃድሎክ የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዓይነት ቀመር ክብደቱ ይሰላል። ከሁሉም በላይ ሚዛን የሚደፋው የሆዱ ዙሪያ ነው፤ ለመለካት የሚያስቸግረውም እርሱ ነው። ልጁ ከተጠማዘዘ፣ የእንሽርት ውሃው ካነሰ ወይም ምስሉ ትንሽ ሰያፍ ሆኖ ከተያዘ፣ የጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት በክብደቱ ላይ በብዙ ግራም ይገለጣል። ስለዚህ ግምቱ በ10 ወይም በ15 በመቶ ወደ ላይም ወደ ታችም ቢስት የተለመደ ነው፤ የአንቺ 4 ኪሎ ከ200 በ15 በመቶ ከሳተ ከ3 ኪሎ ከ600 እስከ 4 ኪሎ ከ800 ሊሆን ይችላል። በትልልቅ ልጆች ላይ ደግሞ ስሕተቱ ይብሳል።

ይህን ስልሽ ቁጥሩን ናቂው ማለቴ አይደለም። በእውነት ትልቅ ከሆነ ጭንቅላቱ ወጥቶ ትከሻው ሊያዝ ይችላልና፣ ቤት ውስጥ ለመውለድ ፈጽሞ አታስቢ፤ ምጡ ሳይጀምርሽ ኦፕራሲዮን ወደሚሠራበት ሆስፒታል ቅረቢ። የደም ስኳርሽ መመርመሩንም አረጋግጪ፣ ምክንያቱም የስኳር ሕመም ካለብሽ ውሳኔው ይለወጣል። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ ኦፕራሲዮን እንዲታሰብ የሚመክረው ስኳር ለሌለባት እናት ግምቱ ከ5 ኪሎ፣ ላለባት ከ4 ኪሎ ተኩል ሲጀምር ነው። ስኳር ከሌለብሽና ሌላ ችግር ካልተገኘ፣ በዚህ ቁጥር ብቻ ቢላ ሥር ግቢ የሚልሽ ካለ ምክንያቱን አስረጂኝ በይው፤ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

የምርመራውን ወረቀት ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። «ኤሲ» ከሚለው አጠገብ ያለው የሆዱ ዙሪያ፣ የተለካበት ቀንና ሳምንቱ በደንብ ይታዩ። ከፈቀድሽልኝ ለገንፎው ቅቤ ይዤ ከመውለድሽ በፊት እደርሳለሁ።

ማርያም በሽልም ታውጣሽ።

የማትረሳሽ ጓደኛሽ