ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ፦ ጁፒተርን በጋራ ለማየት

ጥር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ

ለ7ኛ እና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች

ጉዳዩ፦ ዓርብ ጥር 15 ቀን በትምህርት ቤቱ ግቢ ስለሚካሄደው የምሽት ሰማይ ምልከታ

የተከበራችሁ ወላጆች፣

ልጆቻችሁ ከገና በዓል በፊት ጀምሮ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ወደ ጁፒተርና ወደ ጨረቃዎቹ ስለተላኩ ሰው አልባ መንኮራኩሮች ሲማሩ ቆይተዋል። ትምህርቱን ፕላኔቱን ራሱን በማየት ለመጨረስ ስላሰብን፣ ፈቃዳችሁን ለመጠየቅና ለምን እንደምንደክምበት ለማስረዳት ይህን ጽፌያለሁ።

የሳይንስ መምህሩ ምድርን በአንዲት ሽምብራ፣ ጁፒተርን በትልቅ ብርቱካን መስለው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ክፍሉ ጸጥ ማለቱን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የጁፒተር ወርድ ከምድር 11 እጥፍ ገደማ ነውና። በዚሁ ልክ ከታሰበ ሁለቱ በሚቀራረቡበት በዚህ ወር እንኳ ብርቱካኑ ከሽምብራዋ 400 ሜትር ያህል መራቅ ነበረበት። ያን ጊዜ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መንኮራኩሩ ሰው ከሌለበት ማን ይነዳዋል?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ የትምህርቱ ዋና ቁም ነገር ሆነ። ከምድር የሚላክ የሬዲዮ መልእክት በብርሃን ፍጥነት ተጉዞ እንኳ ጁፒተር ዘንድ ለመድረስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ስለሚፈጅበት፣ መንኮራኩሩ የሚሠራውን አስቀድሞ ተጽፎለት፣ ችግር ሲገጥመውም ራሱን ጠብቆ መቆየት እንዲችል ሆኖ ይሠራል።

ልጆቹን ከሁሉ የማረካቸው የጋሊልዮ መንኮራኩር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ተወንጭፎ ጉዞ ላይ ሳለ፣ እንደ ጃንጥላ መዘርጋት የነበረበት ትልቁ አንቴናው ተጣብቆ አልከፈት አለ። መሐንዲሶቹ ግን ተስፋ ሳይቆርጡ ትንሹን አንቴና እንዲጠቀም አደረጉ፤ መረጃውን አጥብቆና አሳጥሮ እንዲልክ የሚያስችል አዲስ ፕሮግራምም ከምድር ጫኑለት። በ1995 ጁፒተር ደርሶ ዓመታት ከሠራ በኋላ፣ ዩሮፓ የምትባለው ጨረቃ ከበረዶ ቅርፊቷ በታች ጨዋማ ውቅያኖስ ሳይኖራት እንደማይቀር የሚያመለክት መረጃ ላከ፤ ይህም የታወቀው በጁፒተር መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ስትዘዋወር በዙሪያዋ ከሚፈጠረው ለውጥ ነው። ነዳጁ ወደ ማለቁ ሲቃረብ፣ አብረውት ከምድር የሄዱ ረቂቅ ሕዋሳት ቢኖሩ ዩሮፓን እንዳይበክሉ ሲባል እ.ኤ.አ. በመስከረም 2003 ሆን ተብሎ ወደ ጁፒተር ገብቶ እንዲጠፋ ተደረገ። ይህን ያህል ጥንቃቄ ሕይወት መኖሩ ላልተረጋገጠ ሩቅ ሥፍራ መደረጉ እኔንም ልቤን ነክቶታል።

እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ጁፒተርን ስትዞር የቆየችው ጁኖ የተባለችው መንኮራኩር ናት። አሁን በመንገድ ላይ ያሉትም ሁለት ናቸው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 የተነሣው ዩሮፓ ክሊፐር በ2030 ሲደርስ፣ የጁፒተር ብርቱ ጨረር መሣሪያውን እንዳይጎዳው ዩሮፓን በቅርብ ከመዞር ይልቅ ወደ 50 ጊዜ ያህል ባጠገቧ እያለፈ ያጠናታል። ጁስ የተባለው የአውሮፓ መንኮራኩርም በ2031 ይደርስና በኋላ ጋኒሜድ የምትባለውን ሌላዋን የጁፒተር ጨረቃ ይዞራል። ክሊፐር ሲደርስ ዛሬ የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጃችሁ 12ኛ ክፍል ይሆናል፤ የሚመጣውን ዜና የሚያነበው አዋቂ ሆኖ ነው።

አንድ አባት ይህ ሁሉ ለ8ኛ ክፍል ፈተና ይጠቅም እንደሆነ ጠይቀውኛል። የስበትና የብርሃን ትምህርት በቀጥታ የሚገኝበት ስለሆነ ይጠቅማል፤ ባይጠቅም ኖሮም ግን አስተምረው ነበር።

ምልከታው ከምሽቱ 1፡00 እስከ 2፡30 ሰዓት ይሆናል። ጁፒተር በምሥራቅ በኩል እጅግ ደምቆ ስለሚታይ ለመፈለግ አያስቸግርም፤ ጣሊያናዊው የሰማይ ተመራማሪ ጋሊልዮ ጋሊሊ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸውን አራቱን ጨረቃዎች ደግሞ በትምህርት ቤቱ ባይኖኩላር በፕላኔቱ ግራና ቀኝ እንደ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ተሰልፈው እናያለን። ባይኖኩላር ያላችሁ ብታውሱን ወረፋው ያጥራል። የአካባቢያችን የጥር ብርድ ከባድ ነውና ልጆቹን ጃኬት ወይም ጋቢ አልብሱልን፤ ሰፈራችን በምሽት ትራንስፖርት ስለሚያጥረውም እያንዳንዱ ልጅ በወላጅ ወይም በታላቅ ወንድምና እህት እጅ ካልሆነ ከግቢው አይወጣም። ሰማዩ ከደመነ ለቅዳሜ ጥር 16 ይዛወራል።

ተያይዞ የተላከውን የፈቃድ ወረቀት ፈርማችሁ እስከ ረቡዕ ጥር 13 ቀን በልጆቻችሁ እጅ እንድትመልሱልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። እናንተም ብትመጡ ደስታችን ነው፤ ወንበር በሜዳው ላይ ይዘጋጃል።

ከሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር