የርቀት ሕክምናው ተራ ስልክ ላላት እናትም ይድረስ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሐኪምን በስልክና በቪዲዮ ስለማማከር ብዙ እየተነገረ ነው። አገልግሎቱን አልቃወምም፤ ለአጭር ምክር ሲል ከደላንታ ወይም ከመቅደላ ደሴ ድረስ የሚመላለስ የስኳር ታካሚ የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪው ቢቀርለት ትልቅ እፎይታ ነው። የእኔ ጥያቄ ቀድሞ የሚጠቀመው ማን ነው የሚል ነው። ነገሩ እንዲሁ ከቀጠለ ተጠቃሚው ደሴና ኮምቦልቻ የሚኖር፣ ስማርት ስልክ የያዘ የተማረ ወጣት ይሆናል፤ እርሱ ደግሞ ሆስፒታል በባጃጅ የሚደርስ ሰው ነው።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ማንበብ የሚችሉት 42 በመቶ፣ ከወንዶቹ ደግሞ 69 በመቶ ነበሩ። እንግዲህ ቀጠሮ በጽሑፍ የሚያስይዝ መተግበሪያ ብዙ እናቶችን ገና ከደጅ ይመልሳል። ስልኩም ቢሆን በብዙ የገጠር ቤት የአባወራው ነው። ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ወይም ስለ ማሕፀን ሕመም መጠየቅ የፈለገች ሴት፣ በባሏ ስልክ፣ ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ምን ብላ ትናገራለች? በከሚሴ ዙሪያ ኦሮምኛ፣ በሰቆጣ ዙሪያ ኽምጣና የሚናገሩ አረጋውያንም አሉ፤ ፊት ለፊት ሲሆን የታመመውን በእጅ ማሳየት ይቻላል፣ በስልክ ግን ይህም የለም። የርቀት ሕክምና በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ በፍጥነት በተስፋፋባት አሜሪካ እንኳ አረጋውያንና እንግሊዝኛ የማይችሉ ታካሚዎች በቪዲዮ ሕክምና የተጠቀሙት ከሌሎች ባነሰ መጠን መሆኑን ጥናቶች አሳይተዋል።

በእኔ እምነት መነሻው ጤና ኬላው መሆን አለበት። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው መርሐ ግብር በየቀበሌው የተመደበችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የአካባቢውን ቋንቋም የቤተሰቡን ጓዳም ታውቃለች፤ ታካሚዋን ለብቻዋ አስቀምጣ፣ ግፊቷን ለክታ፣ በተራ ስልክ ከሐኪም ጋር ብታገናኛት ከማንኛውም መተግበሪያ የተሻለ ነው። የስልኩን ካርድ ግን ባለሙያዋ ከኪሷ እንድትሞላ መጠበቅ ተገቢ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ለወራት ተቋርጦ እንደነበርም አይዘነጋም፤ በቪዲዮ ላይ ብቻ የቆመ አገልግሎት በዚያን ጊዜ ማንንም ባልጠቀመ ነበር።

የክልሉ ጤና ቢሮም ስንት ሰው በስልክ እንደታከመ በጅምላ ከመግለጽ ይልቅ ተጠቃሚዎችን በፆታ፣ በዕድሜ፣ በቋንቋና በወረዳ ለይቶ በየጊዜው ይፋ እንዲያደርግ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጤና ባለሙያ፣ ደሴ