ሁለቱ ቅዳሜዎች

ውድ ልጄ፣

ትናንት ሥራውን እንደተቀበልሽ ስትነግሪኝ ዝም ስላልኩሽ የከፋኝ እንዳይመስልሽ። መሬት ተንቀጥቅጦ ያፈረሰውን ትምህርት ቤት እዛ ተራራ ላይ መልሰሽ ልትሠሪ መሄድሽ ደስ ብሎኛል። ደግሞም ፈርቻለሁ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡብኝ በስልክ ምን እንደምል ጠፋኝ፣ ለዛ ነው የምጽፍልሽ።

30 ዓመት ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ መሰለኝ፣ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው ሰዓቱን ነው። ስንት ሰዓት ላይ ነው? ልጆቹ የት ነበሩ? ሁለት ቅዳሜዎች ከአእምሮዬ አይወጡም (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)።

አንዱ በ2005 በፓኪስታን በኩል ባለው ካሽሚርና በአጠገቡ የሆነው ነው፣ ሙዛፋራባድና ባላኮት አካባቢ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ50 ነበር። በፓኪስታን ያኔ ቅዳሜ ትምህርት ነበር፣ ልጆቹ ክፍል ገብተው ተቀምጠዋል። መጠኑ 7.6 የሆነ መንቀጥቀጥ መጣና ጣሪያው ወረደባቸው። በዛ አገር ብቻ ከ73 ሺህ በላይ ሰው ሞተ፣ ከእነሱ ውስጥ ብዙ ሺዎቹ ተማሪዎች ናቸው። ሌላው በ2015 ኔፓል ውስጥ የሆነው ነው። መጠኑ 7.8፣ ሰዓቱ ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ56። እዛ ግን ቅዳሜ የእረፍት ቀን ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ፈረሱ፣ ባዷቸውን ነበሩ። ወደ 9 ሺህ የሚጠጋ ሰው አልቆ እንኳን ይህን ሳስብ እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ፣ ምክንያቱም በማግስቱ እሁድ ቢሆን ኖሮ ልጆቹ ሁሉ ክፍል ውስጥ ነበሩ።

ልጄ፣ አንቺ የምትሠሪው ቤት በየትኛውም ቀን ቢመጣበት የሚቆም ይሁን። የስታፋው፣ ማለትም የኮለኑን (የምሰሶውን) ቋሚ ብረቶች ዙሪያውን የሚያስረው ቀለበት ብረት፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ካልታጠፈ ኮለኑ ሲናወጥ ብረቱ እንደሚበተን ያስረዳሽኝ አንቺው ነሽ። እዛ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሲሚንቶው ዘግይቶ ይደርሳል፣ አለቃ ቶሎ ጨርሱ ይላል፣ ማንም ላያይ ይችላል። አንቺ እዪ።

የአካባቢውን ግንበኞችም አድምጪያቸው። ካሽሚር ውስጥ ዳጂ ዴዋሪ የሚሉት የድሮ አሠራር አለ፦ እንጨቱን በትንንሹ ከፋፍለው ያዋቅሩና መሀል መሀሉን በድንጋይና በጭቃ ይሞሉታል። ሲንቀጠቀጥ ይሰነጠቃል፣ ይፋተጋል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባንድ ጊዜ አይደረመስም። መንግሥት መጀመሪያ ላይ ብሎኬትና ሲሚንቶ ካልሆነ ብሎ ነበር፣ ኋላ ግን ይህንንም ፈቀደ፣ ብዙ ሰውም ቤቱን በዚሁ መልሶ ሠራ። ድንጋይ ራሱ ጠላት አይደለም። ግንቡ በሁለት ፊት ተሠርቶ ሁለቱን የሚያስር ረጅም ድንጋይ ሳይገባበት ሲቀር ነው ሆዱ ተነፍቶ የሚፈርሰው።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ግን ከላይሽ ያለው ገደል ነው። ሜዳ ላይ ቢሆን ሰው ከቤት ወጥቶ ደጅ ያድራል፣ ተራራ ላይ ደጁም አይታመንም። ኔፓል ውስጥ ላንግታንግ የምትባለውን መንደር በረዶና ድንጋይ ወርዶ ቀበራት። ከ17 ቀን በኋላ ደግሞ 7.3 የሆነ ተከታይ መንቀጥቀጥ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ፣ ሰዉ አለፈልን ብሎ ፍርስራሹን ማንሳት ጀምሮ ነበር። ካሽሚር ውስጥ ሃቲያን ባላ የሚባል ቦታ የተናደው ተራራ ወንዙን ዘግቶ ሐይቅ ፈጠረ፣ ያ ሐይቅ ጥሶ የወጣው በ2010 ነው። ከአራት ዓመት በላይ ቆይቶ! የተሰነጠቀ ተዳፋት ዝናብ እስኪመጣ ይጠብቃል። ስለዚህ ድንኳንሽን ከመትከልሽ በፊት ቀና ብለሽ ከላይ ያለውን እዪ፣ ቢመሽብሽ እንኳን፣ ደክሞሽም ቢሆን።

አንድ ነገር ደግሞ እንደ አስተማሪ ልለምንሽ። አዲሱ ክፍል ሲያልቅ ልጆቹ አንገባም ሊሉ ይችላሉ፣ ወላጆቹም አንልክም ይላሉ። አትቆጪያቸው፣ አትቸኩዪባቸውም። ጣሪያ ሲወርድ ያየ ልጅ ጣሪያ ቢፈራ ልክ ነው። ኮንክሪቱ ሳይሞላ በፊት አንድ ቀን ሁሉንም ጥሪያቸውና ፌሮውን አሳዪያቸው፣ በእጃቸው ይንኩት፣ እያንዳንዱ ብረት ለምን እንደታሰረ በሚገባቸው ቋንቋ ንገሪያቸው። በር የት የት እንዳለና ወደየት እንደሚከፈትም አሳዪያቸው።

ስትደርሺ የሕንፃውን ፎቶ አትላኪልኝ። ከጀርባው ያለውን ተዳፋት ላኪልኝ፣ እሱን ሳላይ አልተኛም።

እናትሽ