ቅዳሜ ስለ ጋዜጣችን የቴሌግራም ቻናል እንወስናለን
ሰላም ለሁላችሁ፣

ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ወመዘክር በር ላይ እንገናኝ። ጉዳያችን አንድ ነው፦ ወርሃዊ ጋዜጣችን ቴሌግራም ላይ ሲወጣ አንባቢውን እንዴት ያሳትፍ? ፒዲኤፍ ለጥፎ ዝም ማለት አያዋጣም። በስልክ ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ አንባቢ ገጹን ሲያጎላና ሲጎትት ይሰለቻል፣ ትቶት ይወጣል።

ለመነሻ የእንግሊዙን ጋርዲያን ጋዜጣ እንይ። በ2009 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የፓርላማ አባላት ከሕዝብ ገንዘብ እንዲከፈላቸው የጠየቁት ወጪ ሰነዶች ሲለቀቁ ከ450 ሺህ ገጽ በላይ ነበሩ። ለጋዜጠኞቹ ብቻ የሚቻል አልነበረም። ድረ ገጻቸው ላይ ጫኑትና አንባቢውን ጠሩ። አንባቢው አንድ ገጽ ከፍቶ ያያል፤ የሚያጠራጥር ነገር ካገኘ “ይመርመር” የሚለውን ይጫናል። ከ20 ሺህ ሰው በላይ ተሳተፈ። እኔ በጣም የወደድኩት፣ አንባቢው ሐሳብ ሰጪ ብቻ ሳይሆን የሥራው ተካፋይ መሆኑን ነው።

ስትመጡ ከአዲስ ዘመን ወይም ከሪፖርተር አንድ ዜና ቆርጣችሁ ያዙ። አንባቢ ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ ጎኑ ላይ ጻፉበት።

የአስተያየት መስጫውን ማን እንደሚከታተልም እንወስናለን። ሰው ካልተመደበለት ባይከፈት ይሻላል፤ ስድብና አሉባልታ ቶሎ ይሞላዋል።

መምጣት አለመምጣታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ አሳውቁን።