ጉድጓድ በክረምት አይቆፈር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሐምሌና ነሐሴ የፈረንጅ ተማሪዎች የዕረፍት ወቅት ነው። ወደ ጅማ ዙሪያ ለበጎ ፈቃድ ሥራ የሚመጡትም ያኔ ይበዛሉ። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይተው፣ የውሃ ጉድጓድ አስቆፍረው፣ ፎቶ ተነሥተው ይመለሳሉ። ሐሳባቸው መልካም ነው፤ ወሩ ግን አይሆንም። የምንጋብዛቸው እኛ ነንና ጥፋቱም የእኛ ነው።

በክረምት የከርሰ ምድር ውሃ ሽቅብ ይወጣል። አምስት ስድስት ሜትር ላይ ውሃ ሲገኝ ቁፋሮው ይቆማል፣ የእጅ ፓምፕ ይተከላል፣ ይመረቃል። የካቲት ላይ ውሃው ይሸሽና ፓምፑ አየር ይስባል። መንደሩ "ፓምፑ ተበላሸ" ይላል፤ ፓምፑ ደህና ነው፣ ያጠረው ጉድጓዱ ነው። መቆፈር ያለበት በበጋው ማብቂያ፣ ዝናቡ ሳይጠና ነው። ያኔ ሁለት ሜትር ውሃ የያዘ ጉድጓድ ክረምት ከበጋ ያገለግላል። ደግሞም የአካባቢያችን ቀይ አፈር ሲርስ ይናዳል፤ ልምድ የሌለው እንግዳ ወደ ጉድጓድ መውረድ የለበትም። በናፍጣም ሆነ በቤንዚን የሚሠራ የውሃ መሳቢያ ሞተር ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ ማስነሣት ጭራሽ አይታሰብ፤ ጭሱ ቆፋሪውን ሳያስነጥስ ይገድለዋል።

ቦታው ከመጸዳጃ ቤት ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከዳገቱም በኩል ይሁን። የሲሚንቶው ክዳንና ወለል በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ ይጠጣ። ለምረቃ ቀን ተብሎ በሦስተኛው ቀን ፓምፕ የተተከለበት ወለል ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የሚገባው ጎርፍ የከብት እበት ይዞ ነው። ከዚያ ክሎሪን ይጨመራል። ስፋቱ 1.2 ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት 3 ሜትር የሆነ ጉድጓድ 3,400 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ለዚህ 70 በመቶ ጥንካሬ ያለው የክሎሪን ዱቄት 240 ግራም ይበቃዋል። ቢያንስ 12 ሰዓት ቆይቶ፣ ሽታው እስኪጠፋ ተስቦ ይደፋል።

የተተከለው አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ ከሆነ ጥገናው ለመንደር ሰው የሚከብድ አይደለም፤ ትልቁ ቱቦ ሳይነቀል ፒስተኑ ብቻውን ይወጣል። ጠዋት ጠዋት ውሃ ለማምጣት ብዙ መግፋት ካስፈለገ ከታች ያለው ቫልቭ ያፈሳል ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ውሃው ከቀነሰ የፒስተኑ ጎማ አልቋል። እጀታው ከተንገጫገጨ መዞሪያው ላይ ያለው ቀለበት (ቡሽ) ይታይ። እነዚህ ጥቃቅን ዕቃዎች ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ ግን መንደሩ ውስጥ ካልተቀመጡ ፓምፑ ወራት ይቆማል። ስለዚህ ከእንግዳው ገንዘብ መጀመሪያ የሚነሣው ለሁለት ዓመት የሚበቃ መለዋወጫና የሁለት ሰው ሥልጠና ይሁን፤ አንዷ ሴት ትሁን፣ ውሃ የምትቀዳው እሷ ናትና ብልሽቱን ቀድማ የምታውቀውም እሷ ናት።

በነሐሴ ካልሆነ መምጣት የማይችል ሰውስ? ይምጣ፤ አካፋውን ትቶ የመንደሩን የውሃ ኮሚቴ ጥገና ያሠልጥን፤ የኤሌክትሪክ ሙያ ካለው የጤና ጣቢያ ዕቃ ይጠግን። ዕቃ ይዞ ከመጣ ደግሞ የእኛ መብራት 220 ቮልት መሆኑን ይወቅ፤ በ110 ቮልት የሚሠራ የአሜሪካ ማሽን እንደተሰካ ይቃጠላል። የሚለገስ መድኃኒት አገር ውስጥ ሲገባ ቢያንስ አንድ ዓመት የአገልግሎት ጊዜ ሊኖረው ይገባል፤ ይህ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ነው። በአገሩ መርፌ እንዲወጋ ያልተፈቀደለት ተማሪ በእኛ ወረዳዎች፣ በሰቃ ጨቆርሳም ሆነ በማና፣ አይፈቀድለትም። ከጥቅምት እስከ ኅዳር የሚመጣ ካለም ስብሰባ አይጥራ፤ ሰው ሁሉ ቡና ለቀማ ላይ ነው።

ዝግጅት ክፍሉንም አንድ ነገር እንለምናለን። የጉድጓድ ምረቃ ዜና ስታወጡ ከለጋሹ ስም ጎን የተቆፈረበትን ወርና ጥልቀቱን በሜትር ጻፉልን።

በገጠር ውሃና ጤና ሥራ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች፣ ከጅማ