ሽሞቹን አትደባልቁብን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ደሴ ውስጥ አሮጌ ባለ 60 ሞዴል ላንድክሩዘር እነዳለሁ። ክረምት ላይ ከፊት ጎማው በስተጀርባ ዘይትና ግራሶ ተቀላቅሎ መንጠባጠብ ጀመረ። አንድ ጋራዥ አስገባሁት። ፈቱት፣ ግራሶ ሞሉት፣ መልሰው ገጠሙት። በሳምንቱ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ መሪው ተንቀጠቀጠ። ልቤ ቀጥ አለ።

ሌላ ጋራዥ፣ አንድ አንጋፋ መካኒክ ጋ ወስጄ አስፈታሁት። ጎማው የሚዞርበት ጉልበት ላይና ታች ኩሽኔታ አለው። በክዳኖቻቸው ስር የሚገቡት ሽሞች፣ ማለትም ክፍተት የሚሞሉት ስስ ብረቶች፣ የላዩ ከታቹ ተደባልቀዋል። ጉልበቱን መሃል ላይ የሚያቆሙትም፣ ኩሽኔታውን የሚያጠብቁትም እነዚህ ናቸው። ኩሽኔታው ከላላ መሪው ይርገበገባል። ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው የውስጡ ኦይል ሲልም አልተቀየረም፤ የዲፈረንሻሉ ዘይት አልፎ አዲሱን ግራሶ አጥቦታል።

ጎማው ሲታጠፍም ኃይል የሚያደርስለትን ባለ 6 ኳሱን መገጣጠሚያ በናፍታ አጠብን። አደረቅነው። ሞሊብዲነም ያለበትን ግራሶ በኳሶቹ መሃል በጣታችን ጠቀጠቅን። ሽሙን እየለካን ስንመልስ መሸብን፤ ግን መሪው ዛሬ ቀጥ ብሏል።

ወንድሞቼ መካኒኮች፣ እባካችሁ ስትፈቱ የላዩንና የታቹን ሽም ለየብቻ በሽቦ እሰሩ። ኦይል ሲሉን ሳትቀይሩ አትግጠሙ። ሐረጎን የምንወርደው ሰው ጭነን ነው።

አንድ ሹፌር፣ ከደሴ