ስንት ቀን ቀረው?

ውድ ልጄ፣

«እንደምን ሰነበትሽ» ብዬ ልጀምር አልኩና ሳቄ መጣ። አንድ ቤት አይደል የምንኖረው? ትናንት ማታ ያስተኛሁሽም እኔው ነኝ። ግን ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም። እናም ለጤናሽ እንደምን አለሽ?

ማንበብ ችለሻል። ቀስ እያልሽ፣ ጣትሽን ከፊደሉ ሥር እየጎተትሽ፣ አንዳንዴም መስመር እየዘለልሽ ነው። ቢሆንም ችለሻል። ለዚህ ነው የምነግርሽን በጽሑፍ ያደረግኩት። ከበድ ያለሽን ቦታ ዝለይው፤ ከፍ ስትይ ትመለሽበታለሽ። ወረቀት እንደ እኔ አይደለም፤ ደጋግመሽ ብትጠይቂው አይሰለቸውም።

«አንደኛ ክፍል ምን ተማርሽ?» የሚልሽ ሰው ብዙ ነው። አንቺም «ማንበብና መደመር» ትያለሽ፤ ሰውየውም «ጎበዝ!» ብሎሽ ያልፋል። እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ ሌላ ነገር ሳይ ነው የከረምኩት። አንቺ ዘንድሮ ጊዜን ተምረሻል። ሰዓት ማየት ማለቴ አይደለም። እሱ ገና ነው፤ ረጅሙና አጭሩ ቆጣሪ አሁንም ይምታቱብሻል። ነገ ምን ማለት እንደሆነ፣ ሳምንት ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ዓመት እንዴት ዞሮ እንደሚመጣ ማለቴ ነው።

ትምህርት ሲጀመር «ነገ» እና «ከሦስት ወር በኋላ» ላንቺ አንድ ነበሩ። ልደትሽ ገና ነው ስልሽ እሺ ትያለሽ፤ ጠዋት ስትነሺ «ዛሬ ነው?» ትያለሽ። ትናንት ደግሞ ያለፈው ነገር ሁሉ ነበር። በሕፃንነትሽ የሆነውንም «ትናንት» ነበር የምትይው። አንቺ ብቻ አይደለሽም፤ በዚህ ዕድሜ ብዙ ልጅ እንዲሁ ነው። ጊዜ አይታይም፣ አይዳሰስም። ቁጥርን በጣት ይይዙታል፣ ፊደልን በእርሳስ። ወርን ግን በምን ይይዙታል?

አስተማሪሽ በእንጨት አስያዟችሁ። ጠዋት ጠዋት ከሁሉ በፊት ሰሌዳው አጠገብ ትሰበሰባላችሁ። ትናንት ምን ነበር? ዛሬስ? ነገስ? ከዚያ ተራ የደረሰው ልጅ አንዲት ቀጭን እንጨት ያነሳና «ነጠላ» የሚል የተጻፈበት ጣሳ ውስጥ ይከታል። ለአንድ የትምህርት ቀን አንድ እንጨት። አስር ሲሞሉ በላስቲክ ይታሰሩና «አስር» ወደሚለው ጣሳ ይሄዳሉ። የነጠላው ጣሳ ባዶ ይሆናል። በማግስቱ እንደገና ከአንድ ይጀመራል።

ለሚያየው ሰው ጨዋታ ነው። ግን 23 እና 32 ለምን እንደሚለያዩ ከዚህ የተሻለ አስረጂ አላየሁም። አንዱ ሁለት እስርና ሦስት ነጠላ ነው፣ ሌላው ሦስት እስርና ሁለት ነጠላ። በእጅ ይያዛል። አንድ ቀን ስምንትና አምስት ደምሪ አልኩሽ። ዝም ብለሽ ጣሪያውን አየሽ። ከዚያ ከአምስቱ ላይ ሁለት ወስደሽ ለስምንቱ ሰጠሽ። «አስር አሰርኩ፣ ሦስት ተረፈኝ፣ አስራ ሦስት!» ያልሽው በኩራት ነበር። ለነገሩ በጣት መቁጠርም ነውር የለበትም። ጣትሽን ጠረጴዛ ሥር አትደብቂው።

ከእንጨቱ ቀጥሎ የአየሩ ሁኔታ ነው። ተረኛው ልጅ በመስኮት ይመለከትና ካርድ ይለጥፋል፦ ፀሐይ፣ ደመና፣ ነፋስ ወይም ዝናብ። ያንቺ ተራ ሲደርስ ክፍሉ በሙሉ «ፀሐይ! ፀሐይ!» እያለ ሲጮህ አንቺ ደመና ለጠፍሽ አሉ። አስተማሪሽ ለምን ብለው ሲጠይቁሽ «በዚህ በኩል አለ» ብለሽ በጥግ በኩል ያለውን መስኮት አሳየሽ። እውነትም ነበር። ሁለቱም ካርድ ተለጠፈ። ወሩ ሲያልቅ ካርዶቹን ቆጥራችሁ በረድፍ ደረደራችሁ፤ የትኛው ረድፍ እንደረዘመ አያችሁ። ይሄ ትልልቅ ሰዎች ግራፍ እያሉ የሚያካብዱት ነገር ነው። አንቺ በስድስት ዓመትሽ ሠርተሽዋል።

የ«ፀሐይ» ካርድሽን አስቀምጬዋለሁ። «ጸሀይ» ብለሽ ነበር የጻፍሽው። አስተማሪሽ በቀይ አላጠፉትም፤ ከጎኑ መጽሐፉ ላይ እንዳለው አድርገው ጻፉልሽ። አንቺ ግን ቤት ስትመጪ ተናደሽ ነበር። «አንድ ድምፅ ከሆነ ለምን ሁለት ፊደል ያስፈልጋል?» አልሽኝ። መልስ አልነበረኝም። ሠላሳ ሦስት ፊደል እያንዳንዱ በሰባት ቤት ሲዘረዘር 231 ይሆናል። ያን ሁሉ ለምዶ ሲያበቃ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ናቸው፣ ሰ እና ሠም አንድ ናቸው፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ ሲባል ማን አይናደድም? እኔን ከጠየቅሽኝ በዚህ እንቅልፍ አትጪ። ፀሐይን በጸሎቱ ጸ የሚጽፉ ስንት ባለ ዲግሪዎች አሉ። በማንበብ ብዛት ዓይንሽ ይለምደዋል።

አሁን ወደ በዓሎቻችሁ ልምጣ።

ክፍላችሁ የወቅት በዓል ያከብራል። የመጀመሪያው ዝናብ፣ የአበባ ሰሞን፣ የዘር ቀን፣ የነፋስ ቀን፣ መቶኛው የትምህርት ቀን። አንዳንድ ወላጅ «ይሄ ሁሉ ጭፈራ መቼ ሊማሩ ነው?» ሲል ሰምቻለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም። በዓል ባይኖር ዓመቱ ላንቺ አንድ ረጅም ማክሰኞ ነበር የሚሆነው። አሁን ግን «ከአበባው በፊት ነው፣ ከመቶኛው ቀን በኋላ ነው» ትያለሽ። ጥርስሽ የወለቀው በየትኛው በዓል ሰሞን እንደነበረ ሳይቀር ታስታውሻለሽ። (የቀሩት የወተት ጥርሶችሽ ገና ናቸው፤ ተራቸውን ይጠብቁ። እየነቀነቅሽ አታስቸኩያቸው።)

ደግሞ ወቅት የሁሉም ነው። በሃይማኖት በዓል ጊዜ አንዱ ያከብራል፣ ሌላው አያከብርም፤ ያ የየቤቱ ነው፣ መከበርም አለበት። ዝናብ ሲጥል ግን የማን ልጅ ነሽ አይልም። በእነዚህ ቀናት ከክፍላችሁ ውስጥ ጥግ ይዞ የሚቀመጥ ልጅ አላየሁም።

መጠበቅን የተማርሽውም ከዚሁ ነው። ለአበባው ቀን ከወረቀት ቀለበት ሰንሰለት ሠርታችሁ ሰቀላችሁ፤ በየቀኑ አንድ ቀለበት ይቆረጣል። መጀመሪያ አካባቢ ትዕግሥትሽ አለቀና አስተማሪሽን «ሁለት ብቆርጥ ቶሎ ይመጣል?» ብለሽ ጠየቅሻቸው። እሳቸውም ፈቀዱልሽ! ቆረጥሽው። በማግስቱ ሁላችሁም ሰንሰለቱን ከካላንደሩ ጋር አስተያያችሁ፤ አንድ ቀን ጎደለ። ሰንሰለቱ አጥሯል፣ በዓሉ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። ቀለበቱን መልሰሽ በማጣበቂያ ለጠፍሽው። እኔ ብሆን «አይሆንም» ብዬ ነበር የማልፍሽ፤ አንቺም ምንም አትማሪም ነበር።

ባቄላሽም ያው ነው። እርጥብ ጥጥ ላይ፣ ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጣችሁት ነበር። አንቺ በየጠዋቱ እያወጣሽ ታይው ስለነበር ያንቺው ከሌሎቹ ዘገየ። ቢሆንም በቀለ። መጀመሪያ የወጣው ቅጠል ሳይሆን ሥር መሆኑ አስገረመሽ። «ለምን ወደ ታች ይሄዳል?» አልሽ። ብርጭቆውን በጎኑ አጋደምነው። ከጥቂት ቀን በኋላ የሥሩ ጫፍ ታጥፎ እንደገና ወደ ታች ሄደ። ዓይን የለው፣ የት ታች እንደሆነ በምን አወቀ? የምድርን ስበት ይለያል፤ እንዴት እንደሚለይ ትልቅ ክፍል ስትደርሺ ትማሪዋለሽ። ለጊዜው መገረሙ ይበቃል።

ለነዚህ በዓላት ከቤት የሚመጣውን ሥራ በተመለከተ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ላንቺም ሳይሆን ለእኛ ለወላጆች። ለነፋስ ቀን ልጆች የወረቀት ማዞሪያ ይሥሩ ተባለ። ጠዋት ክፍል ስደርስ ግማሹ ማዞሪያ ከሱቅ የወጣ ይመስላል። መሐንዲስ አባት ያለው ሁሉ ሌሊቱን ሲሠራ አድሯል። ያንቺው ጠማማ ነበር፤ ሙጫው ላይ የጣትሽ አሻራ ይታያል፤ አንዱ ክንፉም ከሌሎቹ ያንሳል። ግን ሲነፍስ ዞረ። አንዱ ልጅ ያባቱን ሥራ ይዞ «እንዴት ነው የሚዞረው?» ሲባል ዝም አለ። አንቺ ግን መርፌው የት እንደገባ፣ ወረቀቱ ለምን እንደታጠፈ፣ ሁለት ጊዜ እንዴት እንደተቀደደብሽ ሁሉ ዘረገፍሽው። ከዚያ ወዲህ ሥራው በክፍል ውስጥ፣ በክፍል ዕቃ ብቻ እንዲሆን ተደረገ። ጥሩ አደረጉ። ማምጣት የማይችል ቤትም አይሳቀቅ፣ አባቶችም ይተኙ።

የዝናቡ ቀን ሌላ ነበር። ለእያንዳንዳችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ተሰጣችሁ። ያንቺ «ዝናብ ሲዘንብ ምድር ትለመልማለች» የሚል ነበር። ስንት ቀን ቤት ውስጥ ስትለማመጂው ሰነበትሽ። እስከ «ምድር» ድረስ ትሮጪያለሽ፤ ከዚያ ግድግዳ ይገጥምሻል። ት፣ ለ፣ መ፣ ል፣ ማ፣ ለ፣ ች። ሳድሶቹ ናቸው የሚያስቸግሩሽ፤ አንዱ ቦታ ሲጠሩ በደንብ ይሰማሉ፣ ሌላው ቦታ ተውጠው ይቀራሉ። በዕለቱ ወረቀቱን ይዘሽ ቆምሽ። «ትለ...» ብለሽ ቆምሽ። ከኋላ አንድ ልጅ ሊነግርሽ ሲል አስተማሪሽ በጣታቸው ዝም አሰኙት። ጠበቁሽ። ሁሉም ጠበቀሽ። እንደገና ከመጀመሪያው ያዝሽው፤ ሳትቆሚም ጨረስሽው። ስልኬን አውጥቼ ልቀርጽሽ ነበር፤ ሳላወጣው አለፈ። ዓይኔ ግን ቀርጾታል።

አንድ ጥያቄሽን ደግሞ በወጉ ሳልመልስልሽ ቀርቷል። «የሚበርደው ፀሐይ ስለራቀች ነው?» ብለሽ ነበር። ብዙ ትልልቅ ሰው እንደዚያ ያስባል፤ ግን አይደለም። መሬት ለፀሐይ ከሁሉ የምትቀርበው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ርቀቱ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሁሉ የምትርቀው በጁላይ መጀመሪያ ነው፤ 152 ሚሊዮን ያህል። በጃንዋሪ ደግሞ የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ብርድ ላይ ነው። ታዲያ ምንድነው? መሬት ቀጥ ብላ አትቆምም፤ 23.5 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብላ ነው ፀሐይን የምትዞረው። ስለዚህ አንዴ ሰሜኑ፣ አንዴ ደቡቡ ወደ ፀሐይ ይዘነብላል።

ማታ በኳስና በባትሪ እናየዋለን። ባትሪውን ፊት ለፊት ስታበሪው ኳሱ ላይ ትንሽ፣ ደማቅ ክብ ይወጣል። በጎን አዘንብለሽ ስታበሪው ያው ብርሃን ሰፍቶ ይደበዝዛል። ፀሐይም እንደዚሁ ናት፤ ጨረሯ ተጋድሞ ሲመጣ ብዙ ቦታ ላይ ይበተንና ሙቀቱ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ቀኑ ያጥራል። በክፍላችሁ ቅጥር ግቢ የተከላችኋት ዘንግ ጥላዋ በተለያየ ወር በአንድ ሰዓት ስትለካ አንዴ የሚረዝመው፣ አንዴ የሚያጥረው ለዚህ ነው። ነገ ለአስተማሪሽ ንገሪያቸው። ባትሪውን ግን ዓይንሽ ላይ እንዳታበሪው።

የዓመቱ መዝጊያ በዓል ቀርቧል። አዲሱን ሰንሰለት ስትሠሩ ቀለበቶቹን አንቺ ቆጥረሽ እንደነበር ሰምቻለሁ። ወላጅ ይምጣ ተብሏል፤ እመጣለሁ። ፊት ወንበር ከያዝኩ ታፍሪያለሽ፣ ኋላ ከተቀመጥኩ ደግሞ ዞር ዞር ትያለሽ። የት ልቀመጥ? መልሱን ጻፊልኝ፤ በቃል አልቀበልም።

አባትሽ

ማስታወሻ፦ ልብስ ሲታጠብ ከዩኒፎርምሽ ኪስ አንዲት ቀጭን እንጨት ተገኝታለች። ጠረጴዛሽ ላይ አድርጌያታለሁ። ነገ ጠዋት ጣሳው ውስጥ መልሻት፤ ያለበለዚያ የክፍላችሁ ቁጥር በአንድ ቀን ይዛነፋል።